አብረን የሰማነው ልብ

ትናንት ለሊሴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የልጆች ልብ ስፔሻሊስት ሆናለች። «እንኳን ደስ አለሽ!» አልኳት፤ ያለው አፌ ነው እንጂ ሆዴስ እርር ብሏል። በዚህ ዕድሜ! ፀጉሬ ገብስማ ሆኖ ቅናቴ ግን አልሸበተም።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሁለታችንም አምቦ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ጀማሪ ሐኪሞች ነበርን። አለቃችን እሷን «ዶክተር ለሊሴ»፣ እኔን «አንተ» ይሉ ነበር። እኔ የአዲስ ዓለሙ ልጅ በኦሮምኛዬ ስንተባተብ፣ እሷ የጌዶ ልጅ ናትና እናቶቹን አስቃ፣ አጫውታ ሕመማቸውን በአምስት ደቂቃ ታወጣጣለች። ቆጮ በአይብ ስንበላ እንኳ አስተናጋጇ ለእሷ የምታበዛላት ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ነው፤ የወንጪ መንገድ ጭቃው ደርቆ አቧራ መሆን የጀመረበት ሰሞን። ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ገበሬ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ቶሎሳን ይዘው መጡ። ፈረስ ደረቱን ረግጦታል። ራጅ አስነሳነው፤ አንድም የጎድን አጥንት አልተሰበረም። ልጁም ይስቃል። የልጅ አጥንት ግን ለምለም ነው፤ ሳይሰበር ይታጠፍና ምቱን ለልብ ያቀብለዋል። ይህን ሁለታችንም ተምረናል።

ለሊሴ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አሳርፋ ቆየችና «ምቱ ይዛነፋል፤ እስቲ አንተም ስማው» አለችኝ።

ሰማሁት። ሁለት ይመታል፣ አንዱን ይዘላል። ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ። ግን ቀድማኛለቻ!

«ደንግጦ ነው፤ ምንም የለውም» አልኩ። «ኦቦ ዲንቃ፣ ይዘውት ይሂዱ።»

ሰውዬው መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ስለነበር የእኔ ቃል ተስማማቸው። ለሊሴ «ኧረ ይቆይ!» እያለች ልጁን ብድግ አድርገው ወጡ። ገላመጠችኝና ጋውኗን እንደለበሰች ተከተለቻቸው። መናኸሪያ ድረስ ሄዳ፣ ቶሎሳን ሸንኮራ ሲግጥ አግኝታ፣ አባትየውን ለምና በባጃጅ መለሰቻቸው። የልብ ምርመራው ወረቀት ልክ እንዳለችው ሆነ። አስተኛነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የልጁ ልብ ድንገት ይጋልብ ጀመር። ከንፈሩ ጠቆረ፤ ራሱን ሳተ። አለቃችን በኤሌክትሪክ ማሽን በስንት ጭንቅ መለሱት። ይሄ መኪና ላይ ቢሆን ኖሮ አልኩ በልቤ።

«ለመሆኑ ምቱን ማን ነው የሰማው?» አሉ አለቃችን፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«አብረን ነው የሰማነው» አለች ለሊሴ።

ኦቦ ዲንቃ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ትናንት ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ለአንተ ስል የዋሸሁባት ቀን ትዝ ትልሃለች?» ብላ ሳቀች። ያኔ ጆሮዬ ያልሰማ መስሏት ነው፤ ሰው ይሳሳታል ብላ ይቅር ብላኛለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እሷ እኮ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ልነግራት አስቤ ተውኩት። ብነግራት ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ በዚያም ደግሞ እቀናባታለሁ።