ማንም ያላጠፋው ራክ

ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ነው። እንዲህ ባለ ብርድ አገር እኔ በምውልበት ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። የግቢያችን ዘበኛ ይህን ባሰበ ቁጥር ይስቃል። «መስኮቱን ብትከፍቺው ምን አለበት? ብርዱን እኛ በነፃ እንሰጥሽ ነበር» ይለኛል። አቧራው ባይኖር ኖሮ እውነቱን ነበር።

በክፍሉ ውስጥ የላይ ጋይንትና የታች ጋይንት ገበሬ የመሬት ይዞታ መረጃ የተቀመጠባቸው ሰርቨሮች አሉ። ሰርቨሮቹ የተደረደሩበትን የብረት ቁም ሳጥን ራክ እንለዋለን፤ አራት ራክ አለን። የሥራ መደቤ ስም ረጅም ነው፤ ሰው ግን «የኮምፒውተሯ ልጅ» ነው የሚለኝ። ልጅነቴ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔም ላርማቸው ብዬ አላውቅም።

በጋው ሊያልቅ ሲል ትልቁ ጄኔሬተራችን ተቃጠለ። የቀረን ትንሹ ብቻ ነበር። መብራት ሲሄድ ዘበኛው ትንሹን ያስነሳዋል፤ ጥቂት ያቃስትና ጸጥ ይላል። መብራት ሲሄድ ማሽኖቹን የሚይዙት ባትሪዎችም አርጅተው ስለነበር ብዙ አይቆዩም። ባለጉዳዩ በር ላይ እንደቆመ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ኃላፊያችን ጠራኝ። እኩያዬ ነው፣ አብረን ተምረናል።

«ክረምት ሳይገባ ትንሹ ጄኔሬተር ክፍሉን መሸከም ካልቻለ ማሽኖቹን ጭነን ደብረ ታቦር እንልካለን» አለኝ። «እዚያ መብራቱ ይሻላል።»

«ባለጉዳዩስ?»

«በኔትወርክ ከዚሁ ሆነን እናየዋለን።»

«ኔትወርኩ ከመብራቱ በምን ይሻላል? ሰዉ ማሽኑን ተከትሎ ደብረ ታቦር ድረስ መሄዱ ነው።»

እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም። በራችን ላይ የሚቆመው ሰው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ማዶ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ገሚሱን መንገድ በእግሩ፣ ገሚሱን በመኪና አድርጎ የመጣ ነው። ጉዳዩን ጨርሶ ሳይመሽ ቤቱ ለመግባት ይጣደፋል። ደብረ ታቦር ሂድ ቢባል ማደሪያ ይፈልጋል፤ ከብቱን የሚያግድለት፣ ልጁን የሚይዝለት ይፈልጋል። የኔ ክፍል ከተዘጋ የሚጎዳው እሱ ነው፤ እንዳይዘጋ ለማድረግ ቆረጥኩ።

«መጀመሪያ ኃይሉን ማን እንደሚበላው ልወቅ» አልኩት።

«ቆጣሪው ይነግርሽ የለም እንዴ?»

«ቆጣሪው እህሉ ከአውድማው መጉደሉን ነው የሚነግረኝ። የትኛው በሬ እንደበላው አይነግረኝም።»

ሳቀና «እስቲ በሬውን ያዢው» ብሎ ፈቀደልኝ።

ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛዬ መለኪያ ተዋስኩ። ሽቦውን እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነክሶ የሚያልፍበትን የኤሌክትሪክ መጠን የሚያሳይ ዕቃ ነው። እያንዳንዱን ራክ ለየብቻው ለካሁ። ጠዋት ለካሁ፣ ከሰዓት ለካሁ፣ በገበያ ቀን ለካሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁልፌን ይዤ ገብቼ ለካሁ። ባልደረቦቼ መዝናኛ አደረጉኝ። «ዛሬስ ደም ግፊታቸው እንዴት ዋለ?» ይሉኛል ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ። እኔ ደግሞ ሰው ባሾፈብኝ ቁጥር እልህ ይይዘኛል፤ አፈጣጠሬ ነው።

ልኬቱ እየተጠራቀመ ሲሄድ ራኮቹ ጠባያቸውን አሳዩኝ። የመሬት መረጃው ያለበት ራክ ባለጉዳይ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዝቅ ይላል፣ እሑድ ያርፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንደዚያው ናቸው። ጥግ ላይ ያለው አራተኛው ራክ ግን የሚገርም ነበር። ገበያ ቢሆን፣ ሰንበት ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የሚበላው ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጣል። ሥራ ያለው ነገር አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል፤ ይህ ግን መድከምም መበርታትም የለበትም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር አልኩ።

የማን እንደሆነ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ድሮ አንድ ፕሮጀክት አምጥቶት ነበር አሉ። ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ባለሙያዎቹ ሄዱ፣ ማሽኖቹ እንደበሩ ቀሩ። ምክንያቱን መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ንብረት እንደተረከቡት ነው የሚያስረክቡት። የሚሠራ የተረከበ የሚሠራ ያስረክባል። ስለዚህ አንዱ እንደበራ ተረክቦ እንደበራ ለሌላው አስረክቧል፤ ያም ለሚቀጥለው። ለምን እንደበራ የጠየቀ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ!

እኔም ዘልዬ አላጠፋሁትም። ምናልባት አንድ ቦታ የሚጠቀምበት ሰው ቢኖርስ ብዬ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ብቻ ነቀልኩና ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ተጠቃሚ ካለው ይጮሃል። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተከተለ፤ የጮኸ የለም። ከዚያ በኋላ የቀረኝ የንብረት ክፍሉን ሰው ማስፈቀድ ነበር፤ ራኩ የተመዘገበው በሳቸው ስም ነውና።

ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታቸው የደረሰ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ክፍላቸው ከኔ ክፍል ጀርባ ነው፤ መሐላችን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ አለ። በሩን ከፍቼ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ግቢው ሁሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ጋሼ ጋቢያቸውን ወንበር ላይ ጥለው በሸሚዝ ተቀምጠዋል። ዙሪያውን ብቃኝ ምድጃ የለም፣ ከሰል የለም። ከወንበራቸው ኋላ ግድግዳው ተቦርቡሯል። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው ሳይ የአራተኛው ራክ ጀርባ ፊት ለፊቴ ተገተረ። የራኩ ሙቅ አየር ቀጥታ ወደ ጋሼ ጉልበት ይነፍሳል።

«ጋሼ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ምድጃዬ ናታ» አሉ፣ ሳያፍሩ። «እኔ ሳልሆን አይጥ ነው የበሳው። እኔ ትንሽ አሰፋሁለት።»

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም አብሮ መጣ። ራኩ ያለ ሥራ ሙቀት ይተፋል፤ ከዚያ ውስጥ ገሚሱ ለጋሼ ሲደርስ የተረፈውን ማቀዝቀዣው ሊያበርድ ይለፋል፤ ሁለቱም የሚበሉት ከዚያው ከትንሹ ጄኔሬተር ነው። ይህን አስረዳኋቸው። ላጥፋው አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያጠፋ ይጠየቃል። ያላጠፋ ሲጠየቅ ግን አይቼ አላውቅም። ስረከበው ይሠራ ነበር፤ እኔ በምን ዕዳዬ ነው የማይሠራ የማስረክበው?»

«ይሠራል እኮ ጋሼ፤ ግን ለማንም አይሠራም።»

«ለኔ ጉልበት ይሠራል።»

በማግስቱ ተመለስኩ። በሦስተኛውም ቀን ተመለስኩ። ተደብቄ መንቀል እችል ነበር፤ ሶኬቱ ከእጄ አይርቅም። ግን በሳቸው ፊርማ ላይ እኔ እንዳሻኝ መሆን አልፈለግኩም። ገና ከበር ሲያዩኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለሽ ነው የምትመላለሺው?» ይሉኛል። «አይ ጋሼ፣ እኔ ክረምቱ ነው የቸኮለብኝ» እላቸዋለሁ። እውነትም ደመናው ከጉና ተራራ በኩል እየከበደ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ወረፋው ረጅም ሆኖ ሳለ፣ ነጎድጓድ አጉረመረመና መብራት ሄደ። ዘበኛው ትንሹን ጄኔሬተር አስነሳ፤ አቃሰተ፣ ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ ጠፋ። ባትሪዎቹም ተሟጠጡና ክፍሉ በሙሉ ጭጭ አለ። ኃላፊያችን ከቢሮው ወጥቶ ጄኔሬተሩንም ወረፋውንም አየና «በቃ፣ ነገ ለጭነት መኪናው እደውላለሁ» አለኝ።

ከወረፋው ፊት ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ቆማለች። ባሏ እንደሞተ፣ በመሬቱ የባሏ ወንድም እንደከሰሳት፣ ነገ ጠዋት አርብ ገበያ ችሎት እንዳላት ቀደም ብላ ነግራኛለች። የመጣችው የይዞታ ማስረጃዋን ለመውሰድ ነው። «እታለም» አለችኝ፣ «ዛሬ ካልሆነማ ለነገ ምን ይዤ እቆማለሁ? ባዶ እጄን?»

ጋሼ በምርኩዛቸው ተደግፈው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ከኔ ወደሷ፣ ከሷ ወደ ልጇ አዩ።

«ያቺን ነገር ብትነቅያት ጄኔሬተሩ ይችላል?» አሉኝ።

«ልኬቴ ይችላል ይላል።»

«ልኬትሽ ቢሳሳትስ?»

«አልተሳሳተም ጋሼ።»

«በይ ንቀይ።»

ሮጬ ገባሁና የአራተኛውን ራክ ሶኬት ነቀልኩ። ለዘበኛው ጮህኩለት። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ሦስቱን ራኮች አንድ በአንድ አበራሁ። በእያንዳንዱ ድምፁ ትንሽ ይወፍርና ይረጋል። በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን አስነሳሁ፤ ሞተሩ አንዴ ዝቅ አለና ተሸከመው። ቆሜ አዳመጥኩት፤ አልጠፋም። እንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ኃላፊያችን እየተጣደፈ ገባ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው በጠፋው ራክ ላይ ነው።

«ይሄን ማን ነቀለው?»

«እኔ» አልኩ።

ጄኔሬተሩን አስነስቶ የመጣው ዘበኛ ከኋላዬ «ኧረ መብራት ሄዶ ነው የጠፋው በሉት» ብሎ አንሾካሾከ። ጥሩ መውጫ ነበር። በሩ ላይ የደረሱት ጋሼ ግን ሰምተውት በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

«መብራት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስነቀልኳት። የሚጠይቅ ቢኖር ወደኔ ይምጣ።» ይህን ብለው መልስ ሳይጠብቁ ጋቢያቸውን አንስተው ደረቡና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ክፍላቸው ከዚያ ቀን በኋላ እንደኛው ቀዝቃዛ ነው፤ ነገሩን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ኃላፊያችን የጄኔሬተሩን ድምፅ ጥቂት አዳመጠ። «መኪናው ይቅር» አለኝ፣ «ወረፋውን አስጨርሺ።»

የሴትዮዋን ማስረጃ ፈልጌ አተምኩት፣ ማኅተም አስደርጌ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም መሰለኝ፤ ጽሑፉን ሳይሆን እኔን አየች።

«አለቀ? ዛሬ ቤቴ እገባለሁ ማለት ነው?»

«አልቋል፤ መኪናው ሳያመልጥሽ ሂጂ» አልኳት።

ወረቀቱን እንዳይረጥብባት ከልጁ ደረት ሥር፣ በአንቀልባው ውስጥ ሸጎጠችው፤ ዝናቡ ሲጀምር እሷ ወደ መናኸሪያው እየሮጠች ነበር።