ላማው ሲወጠር

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የባንድሶው ላማ ተበጠሰ። ባንድሶ ጥርስ ያለው ረጅም የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች ላይ የሚሽከረከርበት መጋዝ ነው፤ ቀበቶውን ላማ እንለዋለን። እኔ አጠገቡ ቆሜ ከጋፋት በኩል የመጣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየገፋሁ ነበር። የተበጠሰው ጫፍ የሹራቤን እጅጌ ቀዶ ግድግዳውን መታ።

ዋናው አናጢ ማሽኑን አጠፋ። እጄን አላየም፤ ላማውን አነሳ።

«ትናንት ይህን በነጭ ጋዝ ያጠበው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። የባሕር ዛፉ ሙጫ ይዞት...»

«ሙጫ! ባለዲግሪዋ መጋዙን እንደ ሕፃን ገላውን ታጥበዋለች!»

«ቅባትም ትቀባው እንጂ!» አለ አንዱ ቀቢ። ተሳሳቁ።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ነው የምለው። እዚህ ስተርከውም አንቱታውን አልመልስለትም።

ሜካኒካል ምህንድስና ተምሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ያገኘሁት ሥራ ይኸው ነበር፤ ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት መጣ፤ አናጢውን ሰማ፤ እኔን ሳይጠይቅ ፈረደ። «ሌላ ላማ ከተበጠሰባት ወደ ቤቷ ትሂድ።»

ቁራጩን አንስቼ አየሁት። ከጥርሶቹ ሥር ጥቃቅን ስንጥቆች ነበሩበት። ከልኩ በላይ ተወጥሮ የሠራ ላማ እንዲህ ይሆናል። ነጭ ጋዝ አይሰነጥቀውም።

ከሰዓት በኋላ አናጢው አዲስ ላማ ገጠመ። ልኩን የሚያውቀው በጆሮው ነው። እንደ ክራር ይመታዋል፤ ያዳምጣል፤ የማጥበቂያውን እጀታ ያዞራል፤ እንደገና ይመታል። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ለእኔ በቂ ነበር። እሱ ግን ጨመረ።

«ጋሼ፣ በዛ» አልኩ።

አልዞረም። ንቀት መሰለኝ፤ ለምጄዋለሁ። ከኋላው ቀቢው «ጋሼ፣ ሻይ መጥቷል!» ብሎ ተጣራ። ለእሱም አልዞረም። ትከሻውን ሲነካው በድንጋጤ ዘለለ። ከዚያ ላማውን መታና ሌላኛውን ጆሮውን፣ ግራውን፣ አስጠጋ።

ያኔ ገባኝ። ለዓመታት ማሽኑ የጮኸበት ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ግራውም እየተከተለው ነው። ቀጭኑ ድምፅ ስለማይደርሰው ላማው ገና የላላ ይመስለዋል። ስለዚህ ያጠብቃል።

ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ነፃ እወጣ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ምነው፣ ልትፈትኚኝ ነው?» አለኝ አናጢው።

ሁሉም ሳቁ። አፌን ዘጋሁ። አዝኜለት አይደለም፤ ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው። ደግነቱ መብራት ጠፋና አዲሱ ላማ ሳይሞከር ቀረ። ቂሜን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። መብራቱ ተመልሶ ስለነበር መጀመሪያ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከዋናው ማብሪያ አጠፋሁ። እጀታውን ሁለት ዙር ተኩል መለስኩት። ላማውን በጣቴ ወደ ጎን እየገፋሁ፣ ልኩ እስኪገኝ ትንሽ ትንሽ አስተካከልኩ። ከዚያ ከቦርሳዬ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥቼ ማጥበቂያው ላይ መስመር አሰመርኩበት። በዓይን የሚታይ፣ ጆሮ የማይፈልግ መስመር።

አናጢው ገባ። ላማውን መታ፤ ፊቱን አጨማደደ፤ እጁን ወደ እጀታው ሰደደ። የእኔ እጅ ቀድሞት ነበር።

«እጅሽን አንሺ!»

ቀቢዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። በግራ ጆሮው በኩል ዞርኩ።

«ከቀዩ መስመር አያልፉም» አልኩት ጮክ ብዬ። «እዚህ የምቆመው እኔ ነኝ።»

እጄን አላነሳሁም።