የጠገነ አብሮ ይበራል

እኔ መድን እሸጣለሁ። ሰው "በሰላም አውለኝ" ብሎ ከቤቱ ሲወጣ መንገድ ላይ ጠብቄ "ባይሆንስ?" ብዬ የምጠይቀው ሰውዬ እኔ ነኝ። ይህቺን አንዲት ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠይቄባት ልጆቼን አሳድጌባታለሁ። እስካሁን ግን መልስ የሰጠኝ የለም፤ ሁሉም ፈርሞ ይገላገለኛል።

የእህቴ ባል አውሮፕላን ጠጋኝ ነው። ትልልቆቹን አይደለም። አራት ሰው የሚይዙትን፣ ሲነሱ ሰፈሩን ሁሉ የሚያንጫጩትን ትንንሾቹን ነው። ከኪሱ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ብሎን ስለማይጠፋ በአውሮፕላን ማረፊያው ያለ ሰው በሙሉ ጋሽ ብሎን ይለዋል። ብሎኖቹ ከየት እንደተረፉ መጠየቅ ነውር ነው።

ጋሽ ብሎን አንድ አመል አለው። ሞተሩን ገጥሞ፣ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ከአብራሪው ጎን ገብቶ ይቀመጣል። ማረፊያውን ሁለት ጊዜ ዞረው ይመለሳሉ። የአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ የሚፈርመው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ አድርግ ያለው ሕግ የለም። ሙያውን ያስተማሩት አዛውንት "ፊርማማ ማንም ይፈርማል፤ አንተ ተቀመጥበት" ብለውት ነበር፤ እሱም ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጠበት። ለምን እንደሚሳፈር የጠየቀው ሰው ካለ "የጠገነ አብሮ ይበራል" ብሎ ዝም ነው። ደንበኞቹ ከዚህ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለጋቸውም።

እኔን ግን ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ሰው በገዛ ገላው ዋስ ከሆነ እኔ ምን በልቼ ልደር?

አዲሱ የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ሲሾም ቀን ወጣልኝ። ቁመቱ አጭር፣ ደብዳቤው ረጅም የሆነ ሰው ነው። በመጣ በሳምንቱ አውሮፕላን በሚጠገንበት በየሃንጋሩ በር ላይ አንድ ደብዳቤ ለጠፈ። ሃንጋር የተከራየ ጠጋኝ ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ የኃላፊነት መድን ማስረጃ ያምጣ፣ ካላመጣ ይልቀቅ ይላል። የጠገነው አውሮፕላን ወድቆ ሰው ቢጎዳ ወይም ንብረት ቢያወድም ካሣውን የሚከፍል ድርጅት ከጀርባው ይኑረው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ያስኬዳል። ችግሩ ጋሽ ብሎን ሃንጋሩን ካጣ ሌላ መሄጃ የለውም፤ አውሮፕላን እንደ ጫማ ጓዳ ውስጥ አይጠገንም።

እህቴ ደወለችልኝ። ከእኔ በስምንት ዓመት ትበልጣለች፤ እስከዛሬም ስታናግረኝ አፍንጫዬን ልትጠርግልኝ የመጣች ይመስለኛል።

"ስማ፣ ይሄ ሰውዬ ሃንጋሩን ካጣ እቤት ሊውልብኝ ነው። እቤት ከዋለ ደግሞ ማቀዝቀዣዬን ይፈታዋል። የማያከስር መድን ፈልግልኝ።"

ፈለግሁ። የመጀመሪያው ድርጅት "አውሮፕላን" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ስልኩን ዘጋብኝ። ሁለተኛው የጠራው አረቦን ደግሞ፣ በየዓመቱ የሚከፈለው ማለቴ ነው፣ ጋሽ ብሎን አንድ አውሮፕላን ገዝቶ ራሱ እንዲጥለው የሚያስችል ነበር። የቀረው የራሴ ድርጅት ነው። እኛ ዘንድ ርካሽ የጠጋኞች ውል ነበር፤ ለምን እንደረከሰ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ቅጹን ይዤ ሃንጋሩ ሄድኩ። እህቴ ጥግ ካለው ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ከመለዋወጫ ሻጭ ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች። ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ያንን ጠረጴዛ የያዘችው እሷ ናት። ዕቃ ታዛለች፣ ደንበኛ ታረጋጋለች፣ ባሏ ብሎን ሲያጠብቅ ዝርዝሩን ይዛ አጠገቡ ቆማ አንድ በአንድ ምልክት ታደርጋለች።

"የሠራተኛ ብዛት?" አልኩት።

"ሁለት በል።"

"ጋሼ፣ አረቦኑ እኮ በሰው ቁጥር ነው የሚጨምረው። ለእትዬ ደሞዝ ትከፍላታለህ እንዴ?"

"የምን ደሞዝ? ሁሉም የሷ አይደል?"

"እንግዲያው ሠራተኛ አይደለችም። አንድ።"

እህቴ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። "እኔስ ምንድን ነኝ?"

"አንቺማ ቤቱ የራስሽ ነው" አልኳት።

"የራሴ ከሆነ ስሜ የታለ?"

ቅጹ ላይ ለስም የተተወው መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተሞልቷል። እንደ ሙያዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ነው።

ውሉ ወጣ። አረቦኑም ከሃንጋሩ ኪራይ ያነሰ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀቱን ፊትና ኋላውን አገላብጦ አየና በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አዘዘ። ተሰቀለ። እኔም ቤተሰብ ያዳንኩ ሰው ሆኜ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ውሉን ግን አላነበብኩትም። ሃያ ዓመት ሙሉ "ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምክሩ ለሌላ ሰው ነበር።

የጋሽ ብሎን ትልቁ ደንበኛ ካፒቴኑ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች አሉት፤ መንገድ ወደማይደርስበት እርሻና ማዕድን ማውጫ ሰው ያመላልስባቸዋል። የሃንጋሩ ሥራ ግማሹ የሱ ነው። ያን ሰሞን ከሁለቱ የአንዱ የሞተር ሲሊንደር ተቀይሮ የሙከራ በረራው ቀን ደረሰ። እኔም ከዋናው ቢሮ የመጣውን የውሉን ሙሉ ጥራዝ ላስረክብ እዚያው ተገኘሁ። ጋሽ ብሎን እጁን እስኪጠርግ ድረስ እስቲ ምን ይላል ብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ።

"ጠጋኙ ወይም ተቀጣሪው በጠገነው አውሮፕላን ላይ ከተሳፈረ፣ ይህ ውል ከተሳፈረበት ደቂቃ ጀምሮ ይቋረጣል።"

ጉዴ ፈላ! ወዲያው ቢሮ ደወልኩ። ውል ክፍል ያለው ባልደረባዬ ሳቀብኝ።

"ታዲያ ዋጋው ለምን የረከሰ መሰለህ?" አለኝ። "በጠገነው ነገር ላይ የሚሳፈር ሰው ለነፍሱ የማይሳሳ ሰው ነው። ለነፍሱ የማይሳሳ ደግሞ ጥንቃቄ የለውም።"

ለጥንቃቄ ብሎ ሃያ ስድስት ዓመት የተሳፈረ ሰው በጥንቃቄ ጉድለት ተፈረደበት። ስልኩን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

"ጋሼ! ውረድ! ውረድ!"

አንድ እግሩን መረገጫው ላይ አድርጎ ነበር። ወረደ። ካፒቴኑም ቀበቶውን ፈትቶ ተከትሎት ወረደ።

"ምን አየህ?" አለው ጋሽ ብሎንን፣ ዓይኑን ከሞተሩ ላይ ሳያነሳ።

"እኔ ምንም አላየሁም። እሱን ጠይቀው።"

ጥራዙን ሰጠሁት። ካፒቴኑ አንቀጿን ሁለቴ አነበባት።

"እኔ ብወድቅ ይሄ ይከፍላል?"

"አሳምሮ ይከፍላል።"

"ለማን?"

"ለ... ለቤተሰብዎ።"

"ያን ጊዜ ይሄ ሰውዬ የት ነው?"

"እዚሁ" አልኩና ድምፄ አነሰብኝ። ቶሎ ብዬ ግን አገገምኩ። "ካፒቴን፣ አሁን እኮ ከድሮው የበለጠ ዋስትና ነው ያለዎት።"

"ላም አለኝ በሰማይ አትበለኛ! የድሮው ዋስትናዬ አጠገቤ ተቀምጦ ያስነጥስ ነበር።" ጥራዙን መለሰልኝ። "ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ አልጠላሁትም። ግን ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አላስርለትም።" ከዚያ ወደ ጋሽ ብሎን ዞረ። "አንተን አልቀየምኩህም። ግን ያልተሳፈርክበትን አላበርም። ሁለቱንም ወስጄ ሌላ ጠጋኝ እፈልጋለሁ።"

ጋሽ ብሎን መፍቻ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ቢሳፈር ውሉ ይፈርሳል፣ ሃንጋሩን ይነጠቃል። ባይሳፈር ካፒቴኑ ይሄዳል፤ ካፒቴኑ ብቻም አይደለም፣ "ጋሽ ብሎን የገዛ ሥራውን ፈራ" የሚለው ወሬ ማታውን ከተማውን ይዞራል። ሃያ ስድስት ዓመት በጠገነው ሁሉ ሰማይ የወጣውን ሰው እኔ በአንድ ርካሽ ውል መሬት ላይ አስቀመጥኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እህቴ ስልኩን ዘግታ መጣች። ሽርጧን እየፈታች ነው።

"ማን አይሳፈር ነው የሚለው?"

"ጠጋኙ ወይም ተቀጣሪው" አልኳት።

"ተቀጣሪ ስንት ነው ያልክ?"

"አንድ። እሱ ራሱ።"

"እኔ ወረቀታችሁ ላይ የለሁም አይደል?"

አንገቴን ደፋሁ። ሽርጧን ሣጥኑ ላይ፣ ባሏ አጠገብ ወረወረችው።

"ካፒቴን፣ እኔ ብሳፈር ይበቃዎታል?"

ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ። "እትዬ፣ እርስዎ ጠግነዋል?"

"ብሎኑን ያጠበቀው እሱ ነው። መጥበቁን አንድ በአንድ ያየሁት እኔ ነኝ።"

"በሚስቱ የሚፈርም ሰው ሐሰት አይፈርምም" አለ ካፒቴኑ፤ እጇን ይዞ ደገፋት፣ ወጥታ ተቀመጠች። ይህ ሁሉ የሆነው ጋሽ ብሎን አፉን ከፍቶ ሳይዘጋ ነው። ቀበቶዋን ስታስር ግን ከሣጥኑ ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

"ቆይ! ቆዩ!"

የሞተሩን ክዳን እንደገና ከፈተ።

"ምን ረሳህ?" አለችው ከላይ።

"ምንም አልረሳሁም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ?"

"ምንም።"

ያጠበቀውን ሁሉ በመፍቻ እየዞረ ሞከረ። ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛውን ዙር ሲይዝ ካፒቴኑ ራሱን በመስኮት አወጣ።

"እኔ ስበር አንድ ጊዜ፣ ሚስትህ ስትበር ሦስት ጊዜ?"

"ዝም በል አንተ!" ብሎ ጮኸበት። ደንበኛ ላይ ሲጮህ ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔም ብሆን አላረፍኩም፤ ምናልባት "ሚስት" የሚል ቃል አምልጦኝ ይሆናል ብዬ አሥራ አንደኛውን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። የለም።

ክዳኑ ተዘጋ። ተነሱ።

እኔና ጋሽ ብሎን በሩ ላይ ቆምን። እጁ የሚይዘው ነገር አጥቶ ጨርቁን ይጠመዝዛል።

"ስንት ደቂቃ ሆናቸው?"

"ሁለት።"

ትንሽ ቆየና፣ "አሁንስ?"

"ሁለት ነው ጋሼ።"

አውሮፕላኑ ከዛፎቹ በስተጀርባ ታጠፈ፤ ድምፁም አብሮ ጠፋ። ጋሽ ብሎን ክንዴን ጨመደደኝ፣ ነጭ ሸሚዜ ላይ አምስት የግሪስ ጣት ታተመ።

"ድምፁ የታለ?"

"ነፋሱ ወስዶት ነው" አልኩት። ስለ ሞተርም ስለ ነፋስም የማውቀው ነገር የለኝም፤ የምሸጠው ሌላ ነገር አጥቼ ነው። እህቴ ናት እዚያ ላይ ያለችው።

"ስማማ" አለኝ፣ ሰማዩን እያየ። "ይሄ መድንህ ለዚህም ይከፍላል?"

"ለምኑ?"

"እዚህ ለመቆሙ።"

ለሁሉም ነገር አንቀጽ የማላጣው ሰው ጥራዙን ዘግቼ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ያን ጊዜ ድምፁ ተመለሰ፤ ከዛፎቹ በላይ ብቅ አሉ፣ አንድ ጊዜ ደገሙና አረፉ። ጋሽ ብሎን ጎማው ቆሞ ሳያበቃ ሮጦ ደርሷል።

እህቴ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ፊቷ በርቶ ወረደች። "የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጣራው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል" አለች። "ደብዳቤ ጻፉለት እንጂ።"

"ሞተርህ ማለፊያ ነው" አለ ካፒቴኑ። "ሌላኛውን ሰኞ አመጣለሁ። እትዬ ግን አይጥፉ።"

ጋሽ ብሎን ወደ እኔ ዞረ። "ያንን ቅጽ አምጣና ሁለት ብለህ ጻፍ።"

"አረቦኑ እኮ..."

"ይጨምር!"

"ጋሼ፣ ሠራተኛ ተብላ ከተጻፈች መሳፈር ትከለከላለች።"

"ለሱ እኮ ነው!" አለኝ። "ከታች መቆም አልችልም። ነፍሴ ልትወጣ ነበር።"

እህቴ ፀጉሯን ልትሰበስብ ያነሳችውን እጇን አወረደች። የተቆጣች አትመስልም።

"እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ በር ላይ ስቆም" አለችው፣ "አንተን የቱ ቅጽ ላይ አስጽፌ ላስከለክልህ ነበር?"

ጋሽ ብሎን የቅጹን ነገር ተወው። ካፒቴኑ መዝገቡን ዘረጋለት፤ እሱም ፈረመ። ፊርማው ተጣሞ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ካፒቴኑ ግን ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለው፤ ሰኞም ሌላኛውን አውሮፕላን ይዞ መጣ።