የሀብተወልድ ጀልባ በእናትነሽ እጅ

የሀብተወልድ ተዝካር ካለፈ በኋላ ዘመድ ሁሉ እናትነሽን «ጀልባውን ሽጪው» ይላት ጀመር። ሰበታ የምትኖር፣ ዓለም ገና ላይ የግንባታ ዕቃ የምትሸጥ፣ ዋና እንኳ የማትችል ሴት ከወሊሶ ወዲያ ባለ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ምን ያደርግላታል? እሷ ግን ባሏ እንደዚያ ጀልባ የሚወደው ነገር እንዳልነበረ ታውቃለች። አልሸጥም አለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰበታ በሚኒባስ ተነሳች፤ ተጂንና ወሊሶን አልፋ ሐይቁ ዳር ደረሰች። ጀልባዎቹ የታሰሩት ወደ ውሃው ከገባ የእንጨት ማቆሚያ ግራና ቀኝ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ሽማግሌ መረብ ይጠግናሉ። ገበያተኛ በመቅዘፊያ ወደ ማዶ የሚያሻግሩት ኦቦ ሂርጳ ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አባቴ? የሀብተወልድ ባለቤት ነኝ።»

ቀና ብለው አይዋትና «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ወደ መረባቸው ተመለሱ።

አቀባበላቸው ከነከናት። «ምነው፣ አስቀይሟችሁ ነበር እንዴ?»

«ያለፈ ሰው ስም ማንሳት ይከብደኛል።»

«ግድ የለም፣ ይንገሩኝ። ጀልባው አሁን የእኔ ነው።»

ነገሯት። ሀብተወልድ ጀልባውን አግድሞ እያሰረ የሁለት ሰው ቦታ ይይዝ ነበር። በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ የሚያስነሳው ሞገድ ትንንሾቹን ጀልባዎች ከእንጨቱ ጋር ያላጋቸዋል፤ የእሳቸው ጀልባ ጎኑ የተሰነጠቀው እንዲሁ ነው። ነዳጅ ሲሞላ ውሃው ላይ ያፈሳል፤ ሙዚቃው ማዶ ድረስ ይሰማል።

«ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «እኛ መኖራችንን ረስቶት ነው እንጂ።»

እናትነሽ የምታውቀው ሀብተወልድ ለጎረቤት የሚሞት ሰው ነበር። ሐፍረትና ኀዘን ተደባለቀባት። ቢሆንም እግሯ ወደ ሚኒባሱ አልተመለሰም።

«ማንንም ሳልነካ መግባትና መውጣት ያስተምሩኝ» አለቻቸው።

በየሳምንቱ መጨረሻ ተመላለሰች። ወደ ማቆሚያው ስትቃረብ ሞተሩን አጥፍታ በመቅዘፊያ መግባት ለመደች። በጀልባው ጎን አሮጌ ጎማ አንጠልጥላ፣ ገመዱን አሳጥራ ቦታዋ ላይ ብቻ ታስራለች። ነዳጅ የምትሞላው ታንኩን ነቅላ ሜዳ ላይ አውጥታ ነው። ቆሻሻዋን በፌስታል ይዛ ሰበታ ትመለሳለች። የኦቦ ሂርጳን ጀልባም አናጺ ይዛ መጥታ አስጠገነች።

ፈተናው የመጣው ከቤተሰብ ነው። በፋሲካ ሰሞን የሀብተወልድ ታናሽ ወንድም ዳኜ ጓደኞቹንና ትልቅ ስፒከር ይዞ መጣ። ገና ከማቆሚያው ብዙ ሳይርቁ ሙዚቃውን ለቀቀው።

«ነዳጅ ስጪው እንጂ! ወንድሜ እኮ ያስበርረው ነበር!»

ከፊታቸው ኦቦ ሂርጳ ገበያተኞች ጭነው ይቀዝፋሉ።

«እዚህ አይሆንም» አለች እናትነሽ። «ስፒከሩንም ዝጋው።»

«በወንድሜ ጀልባ ላይ ነው የምታዢኝ?»

«አዎ። ሰው ባየው ቁጥር የሚያማርረው ጀልባ እንዲሆን አልፈልግም። ካልዘጋኸው እመልስሃለሁ።»

ዳኜ ሳቀና ድምፁን ጨመረው። እናትነሽ መሪውን አዞረች። በዝግታ መልሳ ሁሉንም አወረደቻቸው። ዳኜ ጓደኞቹ ፊት ተዋርዶ፣ ሳይሰናበታት ሄደ። እሷም ወደ ሰበታ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ድምፁ እንኳ ቁርጥ የወንድሙን ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት አልደወለላትም። እሷም ይቅርታ ለመጠየቅ አልደወለችም።

ክረምት ላይ፣ ሱቋ ውስጥ ሳለች ኦቦ ሂርጳ ስልክ ደወሉ። ኃይለኛ ነፋስ የማቆሚያውን ግማሽ ገንጥሎታል።

«ጀልባሽን ተረዳድተን ሜዳ ላይ አውጥተነዋል» አሏት። «አትምጪ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።»

ሱቁን ዘጋች። ምስማርና ገመድ በማዳበሪያ ሞልታ የወሊሶ ሚኒባስ ያዘች። ስትደርስ ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የወደቁትን ምሰሶዎች ያነሳሉ። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ከኦቦ ሂርጳ ጎን አንዱን ምሰሶ አቀፈች።

«ወደ አንቺ ሳቢው፣ ገና አልቀናም» አሏት።

ሳበችው። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ምሰሶውን ሊመታ መዶሻውን አነሳ።