የኔታ ያረሙኝ ዳዊት

በድርቁ ዘመን ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች ሠፈር ሳለሁ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ባለው፣ የአገሩ ሰው ራኩባ በሚለው የሣር ዳስ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊት ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ የኔታ ታመው ተኝተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ገጥመው ውሃ እንኳ አልቀምስ ብለዋል። ሐኪሙ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበትን ውሃ ካልጠጡ አያድሩም ብሎ ሄደ።

"ወንድሜ፣ እንግዲያስ ዳዊት እየሰሙ ይሂዱ" አለችኝ ልጃቸው ጥሩዬ።

የእኔን ዳዊት የጓንግን ወንዝ ስሻገር ውሃ ወስዶብኛል። በቃሌ ባውቀውም፣ አንድ ቃል እገድፋለሁ ብዬ ስለምሰጋ መጽሐፉን ሳልይዝ ደግሜ አላውቅም። እያላበኝ ጀመርኩ። የፈራሁትም አልቀረም፤ ስለ ዕረፍት ውሃ የሚናገረው ቦታ ስደርስ ጠፋኝ። ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

"ማየ ዕረፍት" አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ጥሩዬ አፋቸው እንደተከፈተ ጨውና ስኳሩን ከበጠበጠችበት ኩባያ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨመረችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "በእመቤቴ፣ እንደገና ተሳሳት" አለችኝ።

ተሳሳትኩ። አረሙኝ፤ ማንኪያው ገባ። አንዱን ቃል እየዘለልኩ፣ ሌላውን እያቀያየርኩ ቀጠልኩ። ሆን ብሎ ለመሳሳትም ለካ በቃል አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ጥሩዬ፣ ይኼ ልጅ ምንም አያውቅ። ኩባያውን ወዲህ በይና እኔው ልድገመው።"