ላሞች የሚልሱት ነጭ አፈር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ገብሱ እሸት ደርሶ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ልጅቷ ከሞተር ሳይክል ስትወርድ ዛላ ቆርጬ በመዳፌ እያሸሁ ነበር።

«ከአሰላ ነው የመጣሁት አባባ፤ የአፈር ባለሙያ ነኝ» አለችኝ። አነጋገሯ የጎጃም ነው፤ መሥሪያ ቤቷ መድቧት ነው እኛ አገር የመጣችው። «ድሮ መጋዘኑ የነበረበትን ቦታ ያሳዩኛል?»

መጋዘኑ የድሮው የመንግሥት እርሻ ልማት የአረምና የተባይ መርዙን ያስቀምጥበት የነበረ ነው። እርሻው ሲፈርስ ሰዉ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወሰደ፤ በርሜሎቹ ግን እዚያው ዝገው ፈሰሱ። ቦታው ደግሞ ከማሳዬ ራስጌ ነው። እኔና ባለቤቴ ከዚያች ማሳ ሌላ መሬት የለንም።

ይዣት ወጣሁ። በበጋ የመጋዘኑ መሬት እንደ አመዳይ ነጭ ነገር ያወጣል። እኛ ጋ ከብት ቦሌ ካልላሰ አይሰባም ይባላል፤ ቦሌ ከቆላው፣ ከኦጎልቾ በኩል፣ በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ጨዋማ አፈር ነው። ታዲያ ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ አፈር ሲወጣ ሰዉ «አላህ ቦሌውን እደጃችን አመጣልን» ብሎ ከብቱን ይነዳበት ጀመር። በኋላ ላሞቹ ሲያስወርዱ ዓይን ነው ተባለ እንጂ አፈሩን የጠረጠረ የለም።

ልጅቷ ጓንት አጥልቃ መሬቱን በረጅም መሰርሰሪያ ወጋችው። ስትስበው አፈሩ እንደ ዱላ ተዘርግቶ ወጣ። ላዩ ነጭ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ከታች የኛው ጥቁር አፈር። «መርዙ እስከዚህ ወርዷል» አለች ግራጫውን እያሳየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አርሻለሁ፤ አፈር እንዲህ ሆዱን ከፍቶ የደረሰበትን ሲናገር ግን አይቼ አላውቅም። ሱብሃን አላህ አልኩ።

ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ድሮ ስንዴውን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ አፈሩን በላስቲክ ቋጥረው ሊሄዱ ነው!» ሲል እሷም ሳቀች።

ከማሳዬም አፈር ወሰደች። «ልጄ፣ እበላበታለሁ ወይስ አበቃለት?» አልኳት።

«ሳይመረመር ብነግርዎ ዋሸሁ ማለት ነው። እስክመለስ ግን እሸቱን እንኳ እንዳይቀምሱ።»

እጄን ሳየው ዛላዋ አሁንም አለች። ጣልኳት።

የዚያን ጊዜ እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረሳሁ። ኋላ ተመልሳ መጣች። «ከእርከኑ በላይ ያለው ተነክቷል፤ ከእርከኑ በታች ያለው ንጹሕ ነው» አለችኝ። ማሳዬ መሃል ያለውን እርከን የካበው አባቴ ነው። ጎርፍ ፈርቶ ነበር ድንጋይ የደረደረው፤ ምን እያቆመልኝ እንደነበር እሱም አላወቀ። ሄጄ ድንጋዩን በእጄ ዳሰስኩት። «ላይኛው ካልተዘጋ ግን እያደር ይሻገራል» ብላኛለች።

ከዚያ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች መጡ። ነጩን አፈር ቆፍረው በርሜል ውስጥ አሸጉት፤ በመኪና ጭነው ወሰዱት። ጉድጓዱን በሸክላ አፈር ደፍነው ጠቀጠቁት፤ ሣር ዘሩበት፣ የጽድ ችግኝ ተከሉበት። ሥር እስኪይዝ ከብት እንዳይረግጠው ብለው በሽቦ አጠሩት።

ሽቦው ብዙም አልቆየ፤ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። በጋው ጠና። አገሩ ሁሉ ሲደርቅ አረንጓዴ የቀረው ያ ቦታ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ጎረምሶች መንጋ እየነዱ መጡ። ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ሣሩ ለዓይን ነው እንዴ የተዘራው?» አለኝ አንዱ ዱላውን እያወዛወዘ። «ዞር ይበሉ!»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ያኔ ባለቤቴ ስንቄዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ስንቄ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ አርሲ ውስጥ ወንድ ልጅ አይሻገራትም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትጮህ ከየቤቱ ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው ወጡ፤ ከማሳው በላይ በአንድ መስመር ቆሙ።

«ከብቱ ስንቄ አያውቅም» አለችው ባለቤቴ። «አንተ ግን እናት ወልዳሃለች፤ ታውቃለህ።»

ጎረምሳው ዱላውን ዝቅ አደረገ። «አዮ፣ እናቴ፣ ከብቱ እኮ ርቦታል።»

«እሱማ ርቦታል። ከእርከኑ በታች የታጨደ የገብስ ገለባ አለ፤ ና ተሸከም። የላሞችህን ጥጃ የበላውን መሬት ግን ተወው።»

ያ ሁሉ መንጋ ዞረ። አቧራው ሲነሳ አየሁት፤ አንዲት ሰኮና መስመሩን አላለፈችም። እንደ ጣት የቀጠነች በትር! እስከዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

አሁን ጽዱ ከወገቤ አልፏል፤ ከእርከኑ በታች ያለውን ገብስ እንበላለን። ልጅቷ አሁንም እየመጣች አፈሩን ትወጋዋለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። እሷን እመርቃለሁ፣ አባቴንም አነሳለሁ። ወደ ኋላ ያፈገፈግኩበትን ቀን ያሻገረችኝ ግን ያቺ ስንቄዋን ይዛ የወጣችው ናት፤ የልጆቼ እናት።