የስፖኪዮው ይቅርታ

ትናንት ጠዋት አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ዳኛ ፊት ቆሞ «ይቅርታ አልጠይቅም» አለ።

ልጁን ከማል ልበለው። የእሱንም የሌሎቹንም ስም ቀይሬአለሁ። ዕድሜው አሥራ አራት ነው። እናቱ ዘይነባ ገርጂ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ጎረቤቴ ናት።

ነገሩ የጀመረው በስፖኪዮ ነው። የሌላው ጎረቤታችን የአቶ ዳምጤ ነጭ ኮሮላ በራቸው ላይ እንደቆመች የግራ ስፖኪዮዋ ተነቅሎ ተገኘ። ቦሌ አካባቢ መኪና ያለው ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም... በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ኳስ ይጫወቱ ከነበሩት ልጆች መሀል አቶ ዳምጤ በስም የሚያውቁት ከማልን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌባው ከማል ሆነ።

ሰፈሩ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ሰበሰበ። የመሩት ጡረተኛው ጋሽ ወልዴ ናቸው። ልጁ «አልነካሁም» አለ። እሳቸውም ሽማግሌ ሁሉ የሚለውን አሉ።

«ልጄ፣ አጠፋህም አላጠፋህም ታላቅህ ተቀይመዋል። አጥፍቻለሁ በልና ጉልበታቸውን ሳም። ነገሩ እዚሁ ይሙት።»

እናቱም «ሳም በቃ፣ ሳም» አለችው። ሳመ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። አቶ ዳምጤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው አስነሡት። ጋሽ ወልዴ መረቁና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ያላጠፋውን «አጥፍቻለሁ» ብሎ ያውቃል። የሰላም ቃል እንጂ የወንጀል ቃል አይደለም። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ አቶ ዳምጤ ዘይነባ በር ላይ ቆሙ።

«ስፖኪዮውስ?»

«የምን ስፖኪዮ?»

«አጥፍቻለሁ ብሎ የለ እንዴ! ያጠፋ ሰው የወሰደውን ይመልሳላ!»

የሚመለስ ስፖኪዮ አልነበረም። እስከ ዛሬም አልተገኘም። አቶ ዳምጤ ጣቢያ ሄደው ከሰሱ፤ ዓርብ ከሰዓት ፖሊስ መጥቶ ልጁን ወሰደው።

ፍርድ ቤት ያቀረቡት ትናንት፣ ሰኞ ነው። ዘይነባ «ጋሼ፣ አብረውኝ ይግቡ... እኔ እዚያ ስደርስ አፌ ይተሳሰራል» አለችኝ። የልጅ ጉዳይ የሚታየው በዳኛ ቢሮ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው። ዳኛዋ ሥራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ጋዜጠኛ አላስገባም። ጎረቤት ከሆኑ ይግቡ። ከጻፉም ስም እንዳያነሡ።»

ጋዜጣ እንደ አሸን በፈላበት በዚህ ጊዜ መጠንቀቃቸው አይገርምም። ጎረቤት ሆኜ ገባሁ።

ከማል ዓርብ ለብሶት የሄደው ሸሚዝ ቁልፎቹ ተበጥሰዋል። ጫማው የለም፤ እግሩ ላይ የነበረው የአዋቂ ሰው ነጠላ ጫማ ነው። ጉዳዩን የያዘው ሃምሳ አለቃ «በሽማግሌዎች ፊት ድርጊቱን አምኗል» ብሎ አነበበ።

ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁት ግን ሌላ ነው። «ከዓርብ ጀምሮ የት ነው ያደረው?»

«ጣቢያ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ከእነማን ጋር?»

ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላ ክፍል የለንም...»

ዳኛዋ ጻፉ። ከዚያ ጋሽ ወልዴን አስጠሩ።

«ልጁ አጥፍቻለሁ ብሏል?»

«ብሏል።»

«ምን አጠፋሁ አለ?»

ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። «ኧረ እሱንስ አላለም። እኛም አልጠየቅነው።»

«ታዲያ ለምን አጥፍቻለሁ አለ?»

«በል ብለነው ነዋ! እንዲታረቁ!»

አቶ ዳምጤ ተነሡ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። አሁን እዚሁ ፊትዎ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ ክሴን አነሣለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለነውን ሁሉ ቀለል አለን። ሃምሳ አለቃው ሳይቀር ፈገግ አለ። ዘይነባ የልጇን ክንድ ያዘች። በሚቀጥለው ሳምንት የሚኒስትሪ ፈተና አለ፤ ጠባይ ማረሚያ ከተላከ ፈተናውም ዓመቱም ቀረ። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው። ጋሽ ወልዴም እንደ ልማዳቸው በሹክሹክታ «በል ልጄ...» ብለው ጀመሩ።

«አይ ጋሽ ወልዴ» አለ ከማል። ድምፁን አላነሣም። «አንዴ ይቅርታ ብዬ ጣቢያ አደርኩ። ሁለተኛ ብል የት ሊወስዱኝ ነው?»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እና አትጠይቅም?»

«አልሰረቅኩም። ይቅርታ አልጠይቅም።»

ዘይነባ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች። የምትቆጣው መስሎኝ ነበር። አፌ ይተሳሰራል ያለችው ሴት ቀና ብላ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያን ቀን ሳም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ አልለውም» አለች።

ዳኛዋ ልጁ እስከ ቀጠሮው በእናቱ እጅ እንዲቆይ አዘዙ። ሽማግሌ ፊት የተባለ «አጥፍቻለሁ» እንደ እምነት ቃል ይያዝ ወይስ አይያዝ፣ የሚወስኑት ገና ነው።

ውጭ፣ ግቢው በር ላይ አቶ ዳምጤ ለጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘረጉ። «መቼም በእኛ መሀል ቂም የለም...»

ሰው ሲያስታርቁ የኖሩት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። እጃቸውን ግን አልሰጡም።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «መጀመሪያ የልጁ ይለይ።»

ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንመጣለን ብለዋል... ማንንም «በል» ሊሉ ግን አይደለም።